ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፦ ለሶፍትዌር አበልጻጊዎች የተዘጋጀ የሽግግር መመሪያ

ሊኑክስ በጠባቡ ትርጉሙ ከርነል ነው፤ ከርነል ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ እያስተዳደረ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲገለገሉባቸው የሚያደርግ የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ይህን ከርነል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ይፋ ካደረገው ወዲህ፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስጀመረው የግኑ ፕሮጀክት መሣሪያዎች ጋር ተጣምሮ፣ ዛሬ ድረ ገጾችና የሞባይል መተግበሪያዎች የሚደገፉባቸውን ሰርቨሮች በብዛት የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሶፍትዌር አበልጻጊ የሚያደርገው ሽግግር ከሌላው ተጠቃሚ የሚለየው ከዚሁ የሰርቨር ጉዳይ የተነሣ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲለውጥ የሚለወጠው መሣሪያው ብቻ ሲሆን፣ አበልጻጊው የጻፈው ኮድ ግን የተጻፈበትን ሥርዓት ጠባይ ባለቤቱ ሳያስተውለው ወርሶ ይገኛል፤ የፋይል ስም አጻጻፉ፣ የመስመር መጨረሻ ምልክቱ፣ የዳታቤዝ ሠንጠረዦቹ አሰያየም ሁሉ በዊንዶውስ ልማድ የተቀረጹ ናቸው። ኮዱ በመጨረሻ የሚሠራው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ከሆነ ይህ ልዩነት አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም፤ የሽግግሩ ትልቁ ጥቅምም ስሕተቱ በተገልጋዮች ፊት ከመውጣቱ በፊት በአበልጻጊው ጠረጴዛ ላይ እንዲገለጥ ማድረጉ ነው። በዚህም ምክንያት ከሥራው አብዛኛው የሚከናወነው አዲሱ ሥርዓት ከመጫኑ በፊት ሲሆን፣ መጫኑ ራሱ ከሁሉ አጭሩ ክፍል ነው።

መሸጋገር የሚገባውና የማይገባው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና በደንብ የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ከዝርዝሩ ውጭ ቀርተዋል። አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ቀላል በማይሆንበት አገር ለሚሠራ አበልጻጊ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሊኑክስ እነዚህን መሣሪያዎች ለተጨማሪ ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ እያገኙ እንዲያገለግሉ ያደርጋቸዋልና።

ነገር ግን ሽግግሩ ለሁሉም አይበጅም። በዊንፎርምስ ወይም በደብልዩፒኤፍ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራ፣ ወይም በአሮጌው ዶትኔት ፍሬምወርክ የተጻፈ ሥርዓት የሚንከባከብ ባለሙያ በዊንዶውስ ቢቆይ ይሻለዋል፤ እነዚህ በሊኑክስ ላይ አይሠሩም፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ የተባለው ትልቁ የኮድ መጻፊያም ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት በ2016 ዶትኔት ኮር በሚል ስም የወጣውና ዛሬ ዶትኔት ብቻ እየተባለ የሚጠራው አዲሱ ትውልድ ነው፤ እርሱ በሊኑክስ ላይ በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ2017 እትም ጀምሮ እንዲሁ። ከፒኤችፒ፣ ከፓይተን፣ ከጃቫ፣ ከጃቫስክሪፕት፣ ከጎ ወይም ከአንድሮይድ ጋር የሚሠራ ሰው የሚያጣው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ፣ አንድሮይድ ስቱዲዮና የጄትብሬይንስ ኩባንያ የኮድ መጻፊያዎች ሁሉ የሊኑክስ እትም አላቸው። ከሥራው አንድ ክፍል ብቻ ዊንዶውስን የሚፈልግ ከሆነ፣ በሊኑክስ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር፣ አቋቁሞ ዊንዶውስን በዚያ ማኖር ይቻላል፤ ለዚህ ግን ቢያንስ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው መሣሪያ ይመከራል።

አንደኛ፦ ያለውን መቁጠርና ማዳን

የመጀመሪያው ሥራ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አበልጻጊዎችን የሚያዘናጋው ኮዳቸው ሁሉ በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው ሥርዓት፣ ተልኮ በሩቅ ሰርቨር ላይ ይገኛል የሚለው እምነት ነው። ጊት የሚልከው ላክ የተባለውን ብቻ ነው። በላፕቶፑ ብቻ የሚገኙ ብራንቾች፣ በስታሽ የተቀመጡ ያልተጠናቀቁ ለውጦች፣ እንዲሁም የይለፍ ቃልና የአገልግሎት ቁልፍ ስለሚይዙ ሆን ተብሎ ከጊት ውጭ የተደረጉት የዶት ኢኤንቪ ፋይሎች በሩቁ ማከማቻ አይገኙም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮጀክት ተራ በተራ ተከፍቶ ያልተላከ ብራንችና ስታሽ መኖር አለመኖሩ መፈተሽ፣ የምሥጢር ፋይሎቹም በተመሰጠረ ዲስክ ላይ ለብቻ መቅዳት አለባቸው።

ዳታቤዝን በተመለከተ፣ የፖስትግሬስ ወይም የማይኤስኪውኤል ዳታ የተቀመጠበትን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ ትክክለኛ መንገድ አይደለም፤ ፎልደሩ ለአንድ የተወሰነ የፕሮግራም እትምና ለአንድ ሥርዓት የተበጀ በመሆኑ በሌላው ላይ ላይከፈት ይችላል። ትክክለኛው ፒጂደምፕና ማይኤስኪውኤልደምፕ በተባሉት ትዕዛዞች ዳታውን ወደ ጽሑፍ መልክ ማውጣትና በኋላ በአዲሱ ሥርዓት ላይ መልሶ ማስገባት ነው። በዚህ ዙር የማይረሱ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፦ የኤስኤስኤች ቁልፎች፣ ማለትም ወደ ሰርቨር ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገቡት ጥንድ ፋይሎች፣ እንዲሁም የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ቁጥሮችን የሚያወጣው መተግበሪያ መልሶ ማግኛ ኮዶች ናቸው።

ሁለተኛ፦ ኮዱን ከሰው ቀድሞ ማሻገር

ዲስኩ ከመነካቱ በፊት ፕሮጀክቶቹ በሊኑክስ ላይ መሥራት አለመሥራታቸውን በዚያው በዊንዶውስ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ለዚህ የሚያገለግለው ደብልዩኤስኤል የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ሲሆን፣ በ2019 ይፋ ከሆነው ሁለተኛ ትውልዱ ጀምሮ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል በዊንዶውስ ውስጥ ያስኬዳል። ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን ግን ፕሮጀክቱ በሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ውስጥ እንደ አዲስ በጊት ክሎን መወሰድ አለበት፤ በሲ ድራይቭ ላይ እንዳለ ቢሞከር ፋይሎቹ የዊንዶውስን ጠባይ እንደያዙ ስለሚቀጥሉ፣ ፍጥነቱም በጣም ስለሚቀንስ፣ ውጤቱ ያሳስታል።

በዚህ ፈተና በመጀመሪያ የሚወጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የትልቅና የትንሽ ላቲን ፊደል ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ ሲቆጥር ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ በኮዱ ውስጥ በትልቅ ፊደል የተጠራ ፋይል በዲስኩ ላይ በትንሽ ፊደል ከተሰየመ በዊንዶውስ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረው ፕሮግራም በሊኑክስ «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል። በላራቬልና በሌሎች የፒኤችፒ ማዕቀፎች ክላሶች በፋይላቸው ስም ስለሚፈለጉ ችግሩ በእነርሱ ዘንድ ይበረታል። የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዦችም በዚሁ ሕግ ሥር ይወድቃሉ፤ ይህ ዳታቤዝ በዊንዶውስ ላይ የሠንጠረዥ ስሞችን በትንሽ ፊደል ሲያስቀምጥ በሊኑክስ ላይ ግን እንደተሰጡት ይጠብቃቸዋል፣ ሲጠሩም በትክክል እንዲጠሩ ይጠይቃል። ከዊንዶውስ የወጣው ዳታ በትንሽ ፊደል ገብቶ ኮዱ በትልቅ ፊደል ከጠራው ጥያቄው ይከሽፋል። መፍትሔው የሰርቨሩን ቅንብር ማለዘብ ሳይሆን ስሞቹን ሁሉ በኮዱም በዳታቤዙም በትንሽ ፊደል አንድ ወጥ ማድረግ ነው፤ ቅንብሩ ቢለዝብ ስሕተቱ ወደ ሚቀጥለው ሰርቨር ብቻ ይሸጋገራል።

ሁለተኛው የመስመር መጨረሻ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ አንድን የጽሑፍ መስመር በሁለት የማይታዩ ምልክቶች፣ በቁጥር 13 እና 10፣ ሲዘጋ ሊኑክስ በ10 ብቻ ይዘጋል። ለአብዛኛው ኮድ ይህ ልዩነት ግድ ባይሰጥም፣ የሼል ስክሪፕት፣ ማለትም በተርሚናል የሚሠሩ ትዕዛዞችን በፋይል የሰበሰበ ጽሑፍ፣ ከዊንዶውስ ምልክት ጋር ቢመጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል፤ የሚሰጠው የስሕተት መልእክትም ችግሩን በግልጽ ስለማይናገር ሰዓታት ያባክናል። በፕሮጀክቱ ውስጥ ዶት ጊትአትሪቢውትስ የተባለ ፋይል አስገብቶ የጽሑፍ ፋይሎች ሁሉ በሊኑክስ መልክ እንዲቀመጡ መደንገግ ዘላቂው መፍትሔ ሲሆን፣ ይህ ድንጋጌ በዊንዶውስ የሚቀሩትን የሥራ ባልደረቦችም ይጠብቃል።

ሦስተኛው የፋይል አድራሻ ነው። በሊኑክስ ሲ ወይም ዲ የሚባል ድራይቭ የለም፤ ዲስኮች ሁሉ ከአንድ ሥር በሚነሣ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ መለያያውም ወደ ፊት ያዘነበለው ጭረት ነው። በኮዱ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የዊንዶውስ አድራሻ ካለ በየቋንቋው ባለው የአድራሻ ማጣመሪያ ላይብረሪ መተካት ይኖርበታል።

አማርኛ ለሚጽፉ ደግሞ እምብዛም የማይነገር አንድ ወሰን አለ። ሊኑክስ በብዛት የሚጠቀምበት ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ደንብ፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ከ85 ፊደል ሊያልፍ አይችልም፤ ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ ደንብ በመሆኑ እስከ 255 ፊደል ድረስ ስለሚቀበል፣ ረጅም ርዕስ ያላቸው የሰነድ ፋይሎች ሲቀዱ ይከሽፋሉ። ደንበኞች በአማርኛ ሰይመው የሚጭኗቸውን ሰነዶች የሚቀበል ሥርዓት የሚሠራ አበልጻጊ ይህን በራሱ ኮድ ውስጥም ሊያስብበት ይገባል፤ ሁነኛው ዘዴ የመጀመሪያውን ስም በዳታቤዝ መዝግቦ በዲስኩ ላይ አጭር መለያ መጠቀም ነው።

ሦስተኛ፦ ዲስትሪቢውሽን መምረጥ

ዲስትሪቢውሽን ማለት ከርነሉን ከዴስክቶፕ፣ ከመሣሪያዎችና ከፕሮግራም መጫኛ ጋር አዋሕዶ የሚያቀርብ የተሟላ ሥርዓት ነው። ምርጫው ብዙ ቢሆንም ለጀማሪ ምርጫውን ማብዛት ጊዜ ከማጥፋት በቀር የሚጠቅመው የለም። በዚህ መመሪያ አመለካከት ሚዛኑ አንድ ነው፦ ኮዱ የሚሠራበት ሰርቨር በየትኛው ቤተሰብ ላይ ከቆመ ላፕቶፑም በዚያው ይሁን። ሰርቨሩ በዴቢያን ወይም ከ2004 ጀምሮ በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ በሚወጣው በኡቡንቱ ላይ ከሆነ ኡቡንቱ፣ ሰርቨሩ የሬድሃት ቤተሰብ ከሆነ ፌዶራ ይመረጣል። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ወር ረጅም ድጋፍ ያለው እትም የሚያወጣ ሲሆን፣ ለምሳሌ በ2024 የወጣው 24.04 መደበኛ ድጋፉ አምስት ዓመት ነው፤ ፌዶራ ግን በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም እያወጣ አንዱን እትም የሚደግፈው ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኢንተርኔት ውድ ወይም ዘገምተኛ በሆነበት ስፍራ ኡቡንቱ ወይም በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሊኑክስ ሚንት ይሻላል። ሚንት የዊንዶውስን የሚመስል የስክሪን አቀማመጥ ስላለው ለለመደ ዓይን ይቀርባል።

አራተኛ፦ መሣሪያውን ያለ መጫን መፈተን

የተመረጠው እትም ፋይል ከዲስትሪቢውሽኑ ከራሱ ድረ ገጽ ከወረደ በኋላ፣ ሳይጎድል ወይም ሳይነካካ መድረሱ በሻ256 መለያ ቁጥሩ መረጋገጥ አለበት፤ በዊንዶውስ ፓወርሼል ውስጥ ያለው ጌት ፋይልሃሽ የተባለው ትዕዛዝ ይህን ቁጥር ያወጣል፣ ውጤቱም በድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል ይኖርበታል። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ባልደረቦች አንዴ አውርደው መለያ ቁጥሩን እያረጋገጡ ቢቀባበሉት ወጪውን ይቀንሳል። ፋይሉ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ላፕቶፑ በዚህ ፍላሽ ሲነሣ ዲስኩ ሳይነካ ሙሉ ሊኑክስ ይከፈታል፤ ይህ ላይቭ የሚባለው አሠራር ሲሆን፣ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ ብሉቱዝ፣ ተጨማሪ ስክሪን፣ እንዲሁም ላፕቶፑን ዘግቶ መክፈት አንድ በአንድ የሚፈተኑበት ጊዜ ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች፣ በተለይ የብሮድኮም ካርድ ባላቸው፣ ዋይፋይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ላይሠራ ይችላል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ቀላሉ መንገድ የአንድሮይድ ስልክን በኬብል አገናኝቶ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ ማጋራት ነው፤ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ተራ የኔትወርክ ካርድ ስለሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም።

አምስተኛ፦ ከዊንዶውስ ጎን መጫን

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ዲስክ ማኖር ብልህነት ነው፤ ለዚህም በዊንዶውስ በኩል ሦስት ዝግጅቶች ያስፈልጋሉ። ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መመስጠሪያ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ስለሚገኝ፣ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥሩ አስቀድሞ በወረቀት ወይም በሌላ መሣሪያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የማስነሻው ቅደም ተከተል ሲለወጥ ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፣ ያላገኘ ሰው ዳታውን ያጣል። ፋስት ስታርታፕ የተባለውም መጥፋት አለበት፤ ይህ ቅንብር በርቶ ሳለ ዊንዶውስ ሲዘጋ በእውነት ሳይዘጋ ሁኔታውን በዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ክፍል ወይ አይከፍተውም ወይ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። በመጨረሻም በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ የሲ ክፍል ተቀንሶ ለሊኑክስ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ለማበልጸግ ሥራ 100 ጊጋባይት ቢሆን አያንስም፣ ዶከርን አብዝቶ የሚጠቀም ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ መጫኛው ራሱ ይመራል፤ ከዊንዶውስ ጎን የመጫን አማራጭ ይመረጣል። የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ድራይቨሩ ሲጫን መጫኛው አንድ ጊዜያዊ ይለፍ ቃል ሊያስመርጥ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣም በሰማያዊ ስክሪን ላይ ያንኑ ይጠይቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሴኪውር ቡት የተባለው የመነሻ ጥበቃ አዲሱን ድራይቨር እንዲያምነው የሚደረግ ምዝገባ ስለሆነ ሳይታለፍ መጠናቀቅ አለበት።

ከተጫነ በኋላ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ቢገኝ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ ግን ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል፣ አዲስ አበባም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። የተዛባ ሰዓት የድረ ገጽ ሰርተፍኬቶችንና የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ቁጥሮችን ስለሚያበላሽ ችላ የሚባል አይደለም፤ በሊኑክስ ታይምዴትሲቲኤል በተባለው ትዕዛዝ የማዘርቦርዱ ሰዓት የአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ሁለቱ ጎን ለጎን እስካሉ ድረስ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ የሥራ አካባቢውን እንደ አዲስ መገንባት

በዊንዶውስ ፕሮግራም የሚጫነው ከየድረ ገጹ በሚወርድ ፋይል ነው፤ በሊኑክስ ግን ፓኬጅ ማኔጀር የተባለ አንድ መሣሪያ ፕሮግራሞችን ከዲስትሪቢውሽኑ ማከማቻ አምጥቶ ይጭናል፣ ሁሉንም በአንድ ትዕዛዝ ያሻሽላል። በኡቡንቱ ይህ መሣሪያ አፕት ይባላል። በመጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሚለው ትዕዛዝ የማከማቻው ዝርዝር ይታደሳል፣ ቀጥሎም ጊት እና ቢልድ ኢሴንሻል የተባለው የኮምፓይለሮች ስብስብ ይጫናሉ። ሱዶ ማለት ተከትሎት የሚመጣውን ትዕዛዝ በሥርዓቱ የበላይ አስተዳዳሪ ሥልጣን አስፈጽም ማለት ስለሆነ፣ አንድ ነገር እምቢ ባለ ቁጥር ፊቱ ላይ ሱዶ መጨመር ጎጂ ልማድ ነው፤ በዚህ መንገድ የተፈጠሩ ፋይሎች የአስተዳዳሪው ንብረት ሆነው ስለሚቀሩ ባለቤቱ በራሱ ፕሮጀክት ውስጥ እንግዳ ይሆናል።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን በተመለከተ፣ ከአፕት የሚገኙት እትሞች ሥርዓቱ ራሱ የሚተማመንባቸው በመሆናቸው መነካካት የለባቸውም። አዳዲሶቹ የዴቢያንና የኡቡንቱ እትሞች በፒፕ በቀጥታ የፓይተን ላይብረሪ መጫንን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በቬንቭ የተለየ አካባቢ መፍጠር ይገባል። ለኖድም ኤንቪኤም የተባለው የእትም ማስተዳደሪያ ለየፕሮጀክቱ የተለየ እትም ለመያዝ ያስችላል።

ፕሮጀክቶቹ ከዊንዶውሱ ክፍል መገልበጥ የለባቸውም፤ ከሩቁ ማከማቻ እንደ አዲስ ክሎን መደረግ አለባቸው። ምክንያቱ ብዙዎች የማያውቁት ነው፦ ጊት በዊንዶውስ ላይ አንድን ፕሮጀክት ሲያቋቁም የፊደል ትልቅና ትንሽነትን ችላ እንዲል፣ የፋይል የመፈጸም ፈቃድንም እንዳይመዘግብ በዚያው በፕሮጀክቱ ቅንብር ውስጥ ይጽፋል፤ ፎልደሩ ከተገለበጠ ይህ ቅንብር አብሮ መጥቶ በሊኑክስ ላይ ለማወቅ የሚያስቸግር መዛባት ይፈጥራል። የኖድ ሞጁልስና የቬንቭ ፎልደሮችም ለዊንዶውስ የተጠናቀሩ ፋይሎች ስለሚይዙ አይገለበጡም፤ ከዝርዝራቸው እንደ አዲስ ይጫናሉ።

የኤስኤስኤች ቁልፎች ግን ይገለበጣሉ፤ ከተገለበጡ በኋላ ግን የምሥጢር ቁልፉ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው በሲኤችሞድ ትዕዛዝ ፈቃዱ 600 መደረግ አለበት። በሊኑክስ እያንዳንዱ ፋይል ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች የተለየ የማንበብ፣ የመጻፍና የመፈጸም ፈቃድ ሲኖረው፣ ሦስቱ አሃዞች እነዚህን ፈቃዶች በቅደም ተከተል ይገልጻሉ፤ 6 ማንበብና መጻፍን፣ 0 ክልከላን ያመለክታል። ፈቃዱ የላላ ቁልፍ ኤስኤስኤች አይቀበልም።

ዶከር፣ ማለትም ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በኮንቴይነር አሽጎ የሚያስኬደው መሣሪያ፣ ሽግግሩ ፈጥኖ የሚክስበት ቦታ ነው። በዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ኮንቴይነሮች በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሠሩ፣ በሊኑክስ ላይ ግን የከርነሉን የራሱን የመለያያና የመገደቢያ ችሎታ ስለሚጠቀሙ በሜሞሪም በፍጥነትም ቁጠባው በግልጽ ይታያል፤ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ዳታቤዝ፣ ካሽና ኤፒአይ አንድ ላይ ማስኬድ የሚቻል ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ያለ ሱዶ ለመሥራት ሲባል ተጠቃሚን በዶከር ቡድን ውስጥ ማስገባት የአስተዳዳሪውን ሙሉ ሥልጣን እንደ መስጠት ስለሆነ፣ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ አይመከርም።

ሰባተኛ፦ አማርኛን ማዘጋጀት

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ከተካተተ ወዲህ በሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብ የሚያስቸግር አይደለም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ፎንቶች ከአፕት መጫን ይበቃል። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ ኤም17ኤን የተባለው ፓኬጅ ይጫናል፤ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ዳግም ከተገባ በኋላ በኪቦርድ ቅንብሩ ውስጥ ከአማርኛ ሥር ሴራ የተባለው ይመረጣል፤ ይህ የላቲን ፊደልን በድምፁ እየተቀበለ ግዕዝ የሚያወጣ አጻጻፍ ሲሆን፣ በዊንዶውስ ከተለመዱት ኪቦርዶች ጋር ጥቂት ፊደላት ላይ ስለሚለያይ ትንሽ ልምምድ ይጠይቃል። በተርሚናል ውስጥ ግዕዝ ከላቲኑ ስለሚሰፋ ፊደላት ተጨናንቀው ሊታዩ ይችላሉ፤ ጊትም የአማርኛ የፋይል ስሞችን በቁጥር ኮድ የሚያሳየው ኮትፓዝ የተባለው ቅንብሩ እስኪጠፋ ድረስ ነው።

በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው የቆዩ ሰነዶች ጉዳይ ነው። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች በውስጣቸው የያዙት የላቲን ኮዶችን ሲሆን፣ አማርኛ መስለው የሚታዩት በፎንቱ ብቻ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ የመለወጡ ሥራ ዊንዶውስ ገና በእጅ ሳለ፣ ሶፍትዌሩም እየሠራ ሳለ መጠናቀቅ አለበት።

ስምንተኛ፦ መክረምና መወሰን

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ሥራን ሁሉ በሊኑክስ ላይ እየሠሩ ወደ ዊንዶውስ የሚያስመልሰውን ምክንያት በጽሑፍ የመያዝ ጊዜ ነው። አገልግሎቶች በሲስተምዲ እንደሚነሡና እንደሚቆሙ፣ የስሕተት መዛግብትም በጆርናልሲቲኤል እንደሚነበቡ በዚህ ጊዜ ይለመዳል፤ እነዚህ ትዕዛዞች በሰርቨሩ ላይም ያው ስለሆኑ በላፕቶፑ ላይ የተገኘው ልምድ ሁሉ ሌሊት ሰርቨር ሲቆም በቀጥታ ይጠቅማል። የምክንያቱ ዝርዝር ለአንድ ወር ያህል ባዶ ከሆነ፣ ወይም የቀረው በቨርቹዋል ማሽን የሚፈታ ከሆነ፣ የዊንዶውሱን ክፍል ማንሣት ይቻላል።

ይህ የሚደረገው ዳግም በላይቭ ፍላሹ ተነሥቶ ጂፓርትድ በተባለው ፕሮግራም ነው። የሚሰረዘው ትልቁ የዊንዶውስ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ኢኤፍአይ የተባለው ትንሹ ክፍል የሊኑክስንም ማስነሻ ስለሚይዝ በፍጹም መነካት የለበትም። የተለቀቀው ቦታ በዲስኩ ላይ ከሊኑክሱ በፊት ስለሚገኝ የሊኑክሱን ክፍል ወደ ግራ ስቦ ማስፋት ዳታውን ሁሉ ማዘዋወርን ይጠይቃል፤ መብራት በመካከሉ ቢቋረጥ ክፍሉ ሊበላሽ ስለሚችል ይህን መንገድ መተው ይሻላል። በምትኩ ቦታው አዲስ የኢኤክስቲ4 ክፍል ተደርጎ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ እንዲከፈት ኤፍኤስታብ በተባለው የቅንብር ፋይል ይመዘገባል፤ ለዶከር ዳታ ወይም ለዳታቤዞች ማኖሪያ ይውላል። «አፕዴት ግረብ» የተባለው ትዕዛዝ ቢፈጸምም፣ የዊንዶውስ ማስነሻ ፋይል በኢኤፍአይ ክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር ዊንዶውስ በማስነሻው ዝርዝር ላይ ሊቆይ ይችላል።